የነዳጅ ጠቋሚው ሲዋሽ

ለአዲስ አንባብያን በሬዲዮ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር

ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አዘጋጁ። የዚህ ንግግር ጽሑፍ በእጃችሁ የሚገኝ ደግሞ መስመሩን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ መኪና የነዳጅ ጠቋሚ ነው። ብዙ ሰው «የቤንዚን ጌጅ» ይለዋል። «እኛ ፊደል ልንማር እንጂ መኪና ልንፈታ አልመጣንም» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እስቲ ጥቂት ታገሡ። ማንበብ ፊደል መለየት ብቻ አይደለም። የሚዛንን መርፌ፣ የመብራትን ቆጣሪ፣ የመኪናን ጌጅ አይቶ «ምን ይለኛል? እውነቱን ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅም ማንበብ ነው።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ጋራዥ የለኝም። ነገር ግን የመኪናው ጌጅ እንዴት እንደሚሠራ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለማስረዳት የማይከብድ ነው። አሠራሩን ያወቀ ሰው ደግሞ ብልሽቱን ለማግኘት ግማሽ መንገድ ሄዷል።

በጀሞ የምትኖሩ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች መካከል፣ በየመንገዱ ዳር፣ ዕድሜ የጠገቡ መኪናዎች ቆመው ታያላችሁ። ላዳ አለ፤ ቮልስ አለ፤ የድሮ ቶዮታ አለ። የብዙ ቤተሰብ እንጀራ በእነዚህ መኪናዎች ላይ የተመሠረተ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለችውን ጠግኖና ጠብቆ መያዝ ይኖርበታል።

እንበልና አንድ የላዳ ታክሲ ሾፌር ከጀሞ ተሳፋሪ ጭነው ወደ ሜክሲኮ ይሄዳሉ። ጌጁ «ግማሽ አለ» ይላል። መካኒሳን አልፈው ሳር ቤት ሳይደርሱ መኪናው ትር ትር ብሎ ይቆማል። ሰልባትዮው ባዶ ነው። ተሳፋሪው ይወርዳል፤ የቀኑ ገቢ ይቀራል። ሾፌሩም ጀሪካን ይዘው ማደያ ፍለጋ ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ የመጣው አንዲት ትንሽ መርፌ ስለዋሸች ነው።

ጌጁን ማንበብ

በመጀመሪያ ጌጁ ላይ ምን እንደተጻፈ እንይ። በብዙ መኪናዎች ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። አንደኛው «ኢ» ነው። ሦስት ጥርስ ያለው ማበጠሪያ ይመስላል። ትርጉሙ ባዶ ማለት ነው። ሁለተኛው «ኤፍ» ነው። እሱም ያው ማበጠሪያ ነው፤ ግን የታችኛው ጥርሱ ወልቋል። ትርጉሙ ሙሉ ማለት ነው። በአንዳንድ መኪናዎች ላይ በፊደል ፈንታ ቁጥር ይጻፋል፤ ዜሮ ባዶ፣ አንድ ሙሉ ማለት ነው። መርፌዋ በሁለቱ መካከል ትመላለሳለች።

ጌጅ የሌላቸው መኪናዎችም ነበሩ። እስከ 1953 ዓ.ም. ማለትም በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1961 የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች የነዳጅ ጌጅ አልነበራቸውም። ሾፌሩ እግር አጠገብ አንዲት መዝጊያ ነበረች። ቤንዚኑ ሲያልቅና መኪናው መንገራገጭ ሲጀምር ሾፌሩ መዝጊያዋን ያዞራል። ያን ጊዜ ከሥር የተቀመጠው ጥቂት መጠባበቂያ ቤንዚን ይለቀቃል። ጠንቃቃ ሾፌሮች ደግሞ ምልክት የተደረገበት እንጨት ሰልባትዮው ውስጥ እየነከሩ ይለኩ ነበር። እንግዲህ ጌጅ ሳይኖርም ሰው መኪና ነድቷል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ጌጁ ነዳጁን አያየውም

የዛሬው ትምህርት ዋናው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ከፊታችሁ ያለው ጌጅ ነዳጁን አያየውም። የተነገረውን ብቻ ይደግማል። ታዲያ ነጋሪው ማን ነው?

አንድ በርሜል ውሃ አስቡ። በውሃው ላይ ትንሽ ቅል ጣሉበት። ቅሉ ይንሳፈፋል። ውሃው ሲሞላ ቅሉ ከፍ ይላል፤ ውሃው ሲጎድል ዝቅ ይላል። በሰልባትዮው ውስጥም እንደ ቅሉ የሚንሳፈፍ ነገር አለ። ከፕላስቲክ ወይም ውስጡ ባዶ ከሆነ ናስ ይሠራል። ተንሳፋፊ እንበለው።

ተንሳፋፊው በቀጭን የብረት ክንድ ጫፍ ላይ ተይዟል። ክንዱ ከፍና ዝቅ ሲል ሌላው ጫፉ በተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ላይ ይንሸራተታል። ይህ የተጠመጠመ ሽቦ ያለበት ዕቃ ላኪ ይባል፤ ወሬውን የሚልከው እሱ ነውና። ኤሌትሪኩ በቀጭኑ ሽቦ ላይ ረጅም መንገድ ሲሄድ ይደክማል። አጭር መንገድ ሲሄድ ግን ኃይሉ አይቀንስም። ጌጁ የኤሌትሪኩን ብርታትና ድካም አይቶ መርፌዋን ያንቀሳቅሳል።

ኤሌትሪኩ ከባትሪ ተነሥቶ በፊውዝ ያልፋል፤ ወደ ጌጁ ይገባል፤ ከጌጁ በሽቦ ወደ ላኪው ይሄዳል። ከላኪው በመኪናው ቦዲ፣ ማለትም በብረቱ በኩል፣ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ይህ እንደ ክብ መንገድ ነው። አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ወሬው አይደርስም።

ስለዚህ ጌጁ ሲዋሽ አምስት ተጠርጣሪዎች አሉ፦ ፊውዙ፣ ሽቦው፣ የቦዲው ግንኙነት፣ ላኪው ከነተንሳፋፊው፣ በመጨረሻም ጌጁ ራሱ። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚከሰው ጌጁን ነው፤ ምክንያቱም ዓይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ነገር ግን አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። መልእክተኛ የተሳሳተ ወሬ ሲያመጣ የወሬውን ምንጭ መጠየቅ ይገባል።

ጠባዩን አይቶ ብልሽቱን መገመት

የታመመ ሰው «የት ያምሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። ጌጁም በጠባዩ ይናገራል።

አንደኛ፣ ሰልባትዮው ሞልቶ መርፌዋ ከባዶ የማትነሳ ከሆነ፣ ተንሳፋፊው ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ቅል ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባበትና ይሰምጣል። ተንሳፋፊውም ቤንዚን ከገባበት ሰምጦ ከታች ይቀራል። ወይም ሽቦው ተበጥሷል፤ ወይም ፊውዙ ተቃጥሏል።

ሁለተኛ፣ ነዳጁ እያለቀ መርፌዋ «ሙሉ» ላይ ተቸንክራ ከቀረች፣ የላኪው ሽቦ ተልጦ ቦዲውን ነክቶ ሊሆን ይችላል። ክንዱም ከላይ ተይዞ ቀርቶ ይሆናል። ይህ ከሁሉ የከፋው ውሸት ነው። «የለም» የሚል ውሸት በጊዜ ያስቀዳችኋል፤ «አለ» የሚል ውሸት ግን መንገድ ላይ ያስቀራችኋል።

ሦስተኛ፣ መርፌዋ የምትዘል ከሆነ፣ ወይም አንድ ቦታ ስትደርስ ድንገት የምትወድቅ ከሆነ፣ የላኪው ቀጭን ሽቦ እዚያ ቦታ ላይ አልቋል ወይም ዝጓል። ክንዱ ለብዙ ዓመት እየተመላለሰ ፍቆታል ማለት ነው። የላላ ሽቦም ይህን ያመጣል።

አራተኛ፣ መርፌዋ ትሠራለች፣ ግን ሁልጊዜ ከእውነቱ ታሳንሳለች። ያን ጊዜ የቦዲውን ግንኙነት መርምሩ። ዝገትና ጭቃ ለኤሌትሪክ እንደ ዳገት ናቸው።

አምስተኛ፣ የነዳጁ ጌጅና የሙቀቱ ጌጅ በአንድ ጊዜ ከተበላሹ፣ ሁለት ተንሳፋፊ አትፈልጉ። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ሁለቱ ጌጆች ኤሌትሪክ የሚያገኙት ኃይሉን ከሚያመጣጥን አንድ ዕቃ ነው። ያ ዕቃ ከታመመ ሁለቱም ይታመማሉ።

ብልሽት ያልሆነም ነገር አለ። እንደ እንጦጦ ባለ ዳገት ላይ ነዳጁ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ይመጣል። መርፌዋም አብራ ትንቀሳቀሳለች። ስለዚህ ጌጅ የሚነበበው ሜዳ ላይ ቆሞ ነው።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

አሁን ቆም በሉና ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡ።

እሳት የሚይዘው ፈሳሹ ቤንዚን ብቻ አይደለም። ተኑ ይበልጥ ያስፈራል። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። ዓይን ሳያየው መሬት ለመሬት ይሄድና ራቅ ብሎ ያለ እሳት ያገኛል። ከዚያ እሳቱ በተኑ መንገድ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ «ቤንዚን አለ ወይ?» ብላችሁ ክብሪት፣ ሻማ ወይም ላይተር ይዛችሁ ወደ ሰልባትዮው አፍ ፈጽሞ አትጠጉ። ሲጋራም አታጭሱ። ባዶ ነው የተባለ ሰልባትዮ በተን የተሞላ ነው፤ ከሞላው ይልቅ ሊፈነዳ ይችላል። መኪናው የቤንዚን ሽታ ካለው ምንም ሽቦ አትንኩ። መጀመሪያ የሚያፈሰው ይታይ።

ጌጅ የተበላሸበት ሰው ብዙ ጊዜ «ለክፉ ቀን» ብሎ ቤንዚን በፕላስቲክ ጀሪካን ያስቀምጣል። አንዳንዱ ከመኪናው ኋላ ይጭነዋል፤ አንዳንዱ ኮንዶሚኒየም ቤቱ ያስገባዋል። ይህ በጣም አደገኛ ነው። ምድጃ በሚነድበትና ልጆች በሚተኙበት ቤት ቤንዚን አይቀመጥም። በደረጃው ሥርም አይቀመጥም፤ እሳት ቢነሳ ጎረቤት ሁሉ የሚወርደው በዚያው ደረጃ ነውና።

ፍተሻው በቅደም ተከተል

ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ እንሂድ። መኪናው ሜዳ ላይ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ ይቁም።

1. ቁልፉን ክፈቱ፤ ሞተሩን ግን አታስነሱ። ሌሎቹ ጌጆችና መብራቶች ይሠራሉ? ብዙዎቹ አብረው ከጠፉ ፊውዙን ጠርጥሩ።

2. ቁልፉን ዝጉና ፊውዙን አውጥታችሁ እዩ። ከተቃጠለ በልኩ ይተካ። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ በፊውዝ ፈንታ መክተት መኪና ያቃጥላል። ፊውዙ ደህና ሆኖ ጫፉ ከዛገ ማጽዳት ይበቃል።

3. ላኪው ያለው ሰልባትዮው ላይ ነው። በላዳ አውቶሞቢል ሰልባትዮው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ በቀኝ በኩል ነው። በቮልስ ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው። ሽቦው ላልቷል? ተልጧል? ዝጓል? ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ ይታይ።

4. አሁን ትልቁ ፈተና ይመጣል። ይህን የመኪና ኤሌትሪክ የሚያውቅ ሰው ቢሠራው ይሻላል። ሆኖም እናንተም እወቁት። ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ የላኪው ሽቦ ይነቀላል። ጫፉ ምንም እንዳይነካ ይደረግና ቁልፉ ይከፈታል። መርፌዋ ወደ አንዱ ዳር መሄድ አለባት። አንዳንዱ ጌጅ ዘገምተኛ ስለሆነ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ቁልፉ ይዘጋል። የተነቀለው ሽቦ ከሰልባትዮው ራቅ ባለ ንጹሕ የቦዲ ብረት ላይ ይታሠራል። እንደገና ቁልፉ ይከፈታል። አሁን መርፌዋ ወደ ሌላው ዳር መሄድ አለባት። እንደደረሰች ቁልፉን ወዲያው ዝጉ፤ ብዙ ከቆየ ጌጁ ሊቃጠል ይችላል።

ሽቦው የሚነቀለውም የሚታሠረውም ቁልፉ ተዘግቶ ነው፤ ብልጭታ እንዳይፈጠር። ላኪው ላይ ከአንድ በላይ ሽቦ ካለ በግምት አትነካኩ። ኮምፒዩተር ባላቸው አዳዲስ መኪናዎችም ላይ ይህን አትሞክሩ።

ፍርዱ እንዲህ ነው። መርፌዋ ከዳር እስከ ዳር ከሄደች ጌጁም፣ ፊውዙም፣ ሽቦውም ደህና ናቸው። ጥፋቱ ከላኪው፣ ከተንሳፋፊው ወይም ከቦዲው ግንኙነት ነው። መርፌዋ ካልተንቀሳቀሰች ግን ሰልባትዮውን አትፍቱ። ጥፋቱ ከፊውዙ፣ ከሽቦው ወይም ከጌጁ ነው።

አንድ ምልልስ

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? እስቲ እነዚያን የታክሲ ሾፌር ጋራዥ ገብተው እናዳምጣቸው።

ሾፌሩ፦ ልጄ፣ የቤንዚን ጌጄ ከዜሮ አልነሳ አለ።

ሠራተኛው፦ ጌጁ ሞቷል ማለት ነው ጋሼ። አዲስ ይግዙና እገጥምልዎታለሁ።

ሾፌሩ፦ ከመግዛቴ በፊት የላኪውን ሽቦ ነቅለህ ሞክረኸዋል?

ሠራተኛው፦ እሱን እንኳ አልሞከርኩም።

ሾፌሩ፦ እንግዲያው አብረን እንሞክረው። አንተ ሽቦውን ሥራ፤ እኔ ቁልፉን ልያዝና መርፌዋን ልይ።

ሠራተኛው፦ አሥሬዋለሁ፤ ይክፈቱት! ተነሳች ጋሼ?

ሾፌሩ፦ እስከ ሙሉ ሄደች!

ሠራተኛው፦ እንግዲህ ጌጁ ደህና ነው። ላኪውን አውጥተን ተንሳፋፊውን እንየው።

ተንሳፋፊው ወጥቶ ሲወዘወዝ ውስጡ ቤንዚን ቢንቦጫቦጭ ተቀዷል ማለት ነው። ሌላ ይፈለግለታል። ለአሮጌ መኪና መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው መርካቶ ሶማሌ ተራን ያውቃል። ቤንዚን የገባበትን ተንሳፋፊ ግን በእሳት ለመበየድ አትሞክሩ፤ በእጃችሁ ላይ ይፈነዳል። ላኪውን ማውጣትም የባለሙያ ሥራ ነው። ባትሪው ተነቅሎ፣ ሰልባትዮው ብዙ ነዳጅ ሳይዝ፣ አየር ባለበት ቦታ ይሠራል።

እንግዲህ ሾፌሩ መካኒክ አልሆኑም። ነገር ግን አንዲት ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቁ። ያቺ ጥያቄ የማያስፈልግ ዕቃ ከመግዛት አዳነቻቸው። ሠራተኛውም አልዋሸም፤ ሳይመረምር ፈረደ እንጂ።

የማይበላሽ ጌጅ

ጌጁ እስኪጠገን ድረስስ? ጌጅ ያልነበራቸውን ቮልሶች አስታውሱ። እናንተ ደግሞ ከእንጨት የተሻለ ነገር አላችሁ። ደብተርና እርሳስ አላችሁ።

ሰልባትዮውን ሙሉ ቅዱ። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን አንብባችሁ ጻፉ። 45,210 ይላል እንበል። ጥቂት ቀን ነድታችሁ እንደገና ሙሉ ቅዱ። ከመቀዳቱ በፊት የማደያው መሣሪያ ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። ሲያበቃ ሊትሩን ጻፉ። 24 ሊትር ገባ እንበል። መቁጠሪያው አሁን 45,450 ይላል።

ከ45,450 ላይ 45,210 ስንቀንስ 240 ኪሎ ሜትር ነው። 240ን ለ24 ስናካፍል 10 ይሆናል። ይህ መኪና በ1 ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው።

የላዳ አውቶሞቢል ሰልባትዮ 39 ሊትር ይይዛል። 9 ሊትሩን መጠባበቂያ እናድርገው፤ 30 ይቀራል። 30ን በ10 ስናባዛ 300 ኪሎ ሜትር ነው። 45,450 ላይ 300 ስንጨምር 45,750 ይመጣል። ይህን ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጻፉና ከመሪው አጠገብ ለጥፉት። መቁጠሪያው እዚያ ሳይደርስ ቅዱ። መንገዱ ሲጨናነቅና ጭነት ሲበዛ ነዳጅ ይበዛልና ሒሳቡን በየጊዜው አድሱት።

መቁጠሪያውም ከተበላሸስ? ምልልሱን ቁጠሩ። ከጀሞ ሜክሲኮ ደርሳችሁ በተመለሳችሁ ቁጥር አንድ ጭረት አድርጉ። በአንድ ቅጂ ስንት ጭረት እንደሚሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ካያችሁ ልኩን ታውቁታላችሁ።

በአዲስ አበባ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ሒሳብ በስልክ መክፈል ተጀምሯል። የሚደርሳችሁን መልእክት አንብቡት፤ ቀኑንና ብሩንም ወደ ደብተራችሁ ገልብጡት። ሌላ ሰው እንዲያነብላችሁ አትጠብቁ።

ነዳጅ ጨርሶ እስኪያልቅ መንዳት መኪናውንም ይጎዳል። ከሰልባትዮው ሥር የተኛው ዝገትና ቆሻሻ ወደ ሞተሩ መንገድ ይሳባል። በናፍጣ መኪና ደግሞ አየር ይገባል፤ አየሩ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩ አይነሳም። ስለዚህ ሩብ ሲቀር መቅዳትን ልማድ አድርጉ። አገራችን የምትጠቀምበት ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ ከውጭ በውድ ምንዛሪ የሚገባ ነው። መጠኑን ለክቶ የሚነዳ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም ያድናል።

ውድ አድማጮቻችን፣ መርፌዋ ያለችውን እዩ፤ ግን ከደብተራችሁ ጋር አስተያዩት። ሁለቱ ካልተስማሙ መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት መርምሩ። ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።

አዳዲስ ቃላት

ሰልባትዮ፦ የመኪና ነዳጅ ማጠራቀሚያ።
ተንሳፋፊ፦ ሳይሰምጥ በፈሳሽ ላይ የሚቀመጥ ነገር።
ላኪ፦ የነዳጁን መጠን ለጌጁ የሚያስታውቅ ዕቃ።
ተን፦ ከፈሳሽ ተነሥቶ ከአየር ጋር የሚቀላቀል ነገር።
ቦዲ፦ የመኪናው የብረት አካል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጌጁ ነዳጁን አያየውም ስንል ምን ማለታችን ነው?
2. «አለ» የሚል ውሸት «የለም» ከሚል ውሸት ለምን ይከፋል?
3. ባዶ ሰልባትዮ ለምን ያስፈራል?
4. አንድ መኪና በ20 ሊትር 180 ኪሎ ሜትር ሄደ። በ1 ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ?
5. በሠፈራችሁ ቤንዚን በቤቱ የሚያስቀምጥ ሰው ቢኖር ምን ብላችሁ ትመክሩታላችሁ?